በትምህርት ቤት ግቢ ኩሬ ለመሥራት ካሰባችሁ

ባሕር ዳር ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። እዚህ ከተማ «በግቢያችን ኩሬ እንሥራ» ብትሉ መጀመሪያ የሚነሳው የገንዘብ ጉዳይ አይደለም። «ወባስ?» ነው የምትባሉት። ወላጆች እውነታቸውን ነው። ስለዚህ የወላጅ መምህር ኅብረት (ወመህ) ስብሰባ ላይ መልሱን ይዛችሁ ግቡ።

መልሱ ዓሣ ነው። የወባ ትንኝ ከእንቁላል ተነስታ ክንፍ እስክታወጣ በእኛ ሙቀት ሁለት ሳምንት ገደማ ውሃ ውስጥ ትቆያለች። ትንንሽ ቆሮሶ (ቲላፒያ) ዓሦች የትንኟን እጭ፣ ማለትም ገና ክንፍ ያላወጣችውን ትል፣ እየለቀሙ ይበሉታል። ጫጩት ዓሣ ከዓሣ ምርምር ማዕከል ጠይቁ። የውሃ ተርብ ደግሞ ማንም ሳይጠራው ይመጣል፤ የእሱም ልጆች እጭ በላተኞች ናቸው። ዋናው ዳሩ ነው። ሣር ወርሶት ዓሣ የማይገባበት ጥግ ካለ ትንኟ እዚያው ትባዛለች። ዳሩን በየሳምንቱ አጽዱ።

ቦታው ከመምህራን ክፍል መስኮት የሚታይ ይሁን። ከዛፍ ሥር፣ ከሽንት ቤትና ከኳስ ሜዳ ራቁ። (ኳስ ሜዳ አጠገብ ከሆነ ኳሱን ስታወጡ ነው የምትውሉት።)

ቁፋሮው ግንቦት ላይ ይለቅ። 4 በ3 ሜትር፣ ጥልቁ ቦታ 60 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። አንዱን ጎን እንደ ዳገት አጋድሙት፤ የወደቀ ልጅ በእግሩ እንዲወጣ። ዋልካ አፈር ውሃ ይይዛል ብላችሁ አትመኑት፣ በጋ ላይ ይሰነጠቃል። ገበሬዎች ለውሃ ማቆሪያ የሚያነጥፉትን ጥቁር ጂኦሜምብሬን (ወፍራም ፕላስቲክ) ግዙ። ስፋቱን ተማሪዎቹ ያስሉት፦ ርዝመቱ፣ ሲደመር የጥልቀቱ እጥፍ፣ ሲደመር በየዳሩ 30 ሳንቲ ሜትር። 5.8 በ4.8 ሜትር ይመጣል። ከማንጠፋችሁ በፊት ጠጠሩን ልቀሙና አሮጌ የማዳበሪያ ጆንያ ከሥር ደልድሉ። የዳሩን ከፍታ ደግሞ ግንበኞች እንደሚያደርጉት ውሃ በሞላ፣ ውስጡን በሚያሳይ ቱቦ አስተካክሉ። አንዱ ዳር ዝቅ ካለ ውሃው ሁሌም በዚያ ነው የሚፈሰው።

ውሃውን ከጣሪያ በአሸንዳ አምጡ። 56 ካሬ ሜትር የሆነ የመማሪያ ክፍል ጣሪያ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ከጣለ 560 ሊትር ነው። የመጀመሪያው ዝናብ አቧራ ስለሚያወርድ ወደ ውጭ ይፍሰስ። በጋ ላይ ፀሐይ በቀን 5 ሚሊ ሜትር ብትወስድባችሁ 60 ሊትር፣ ማለትም ሦስት ጀሪካን ነው። የቧንቧ ውሃ ከሆነ ክሎሪኑ እንዲወጣ በበርሜል ጥቂት ቀን ይቆይ።

ደንገል አምጥታችሁ በተቆረጠ ጀሪካን ተክላችሁ አስገቡት፤ ሥሩ ፕላስቲኩን እንዳይበሳው። ከጣና ሐይቅ የሚመጣውን ተክል ግን አንድ በአንድ እጠቡ። ቅጠሉን ገልብጡና እዩ፤ ቀንድ አውጣ ወይም የሚያዳልጥ የእንቁላል ጥቅል ከተለጠፈበት ጣሉት። ቢልሃርዚያ የሚያሻግሩት ቀንድ አውጦች ናቸው። እምቦጭማ አንዲት ቅጠል እንኳ አትግባ።

ዙሪያውን በሽቦ አጥሩ፣ በሩ ይቆለፍ። አንዱ ቁልፍ ጥበቃው ጋ፣ ሌላው ኩሬውን የሚንከባከበው የተማሪዎች ክበብ መምህር ጋ ይቀመጥ። ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ዝግ ነው፤ ኩሬው የሚሞላው ግን ያኔ ነው። ትርፉ ውሃ የሚወጣበትን ቦይ መሬቱ ዝቅ በሚልበት ጎን ሰኔ ሳይገባ ቆፍሩ። አፉ ላይ ወንፊት ሽቦ አድርጉ፣ አለዚያ ቆሮሶዎቹ ከጎርፉ ጋር ይሄዳሉ።