ጠማማ ሳሎን፦ ሶፋው አልገጥም ሲል

ደሴ ውስጥ ሶፋ እሠራለሁ። ሥራዬ እንጨት መቁረጥና ስፖንጅ ማልበስ ይመስላል እንጂ የቀኔ እኩሌታ የሚያልፈው ሜትር ይዤ በሰው ሳሎን ውስጥ ነው። ከተማችን ከጦሳ ተራራ ሥር ተዳፋት ላይ ስለሰፈረች ሜዳ ቦታ ብርቅ ነው። ግቢው እንደ ዳገቱ ይሸራረፋል፤ ቤቱ እንደ ግቢው ይሠራል፤ ለሳሎን የሚደርሰው ከክፍሎቹ የተረፈው ቅርጽ ነው። ልጅ ሲያገባ አንድ ክፍል ይቀጠላል፣ በረንዳው ይዘጋል፣ ወደ ማድቤት አዲስ በር ይከፈታል። ሃያ ዓመት ሲሞላው ሳሎኑ አምስት ግድግዳና አራት በር ይዞ ይገኛል።

ከዚያ ስልክ ይደወላል፤ "ቤታችን ጠማማ ነውና ኤል ሶፋ ሥራልን" ይባላል። ጥግ ላይ ታጥፎ የሚቀመጠው ኤል ሶፋ ያዳነውንም ያሳመመውንም ቤት አይቻለሁ። ስለዚህ እንጨት ከመቁረጤ በፊት የምጠይቀው ሌላ ነው፦ ሰው በየት በየት ያልፋል? ቡናው የት ይፈላል? ሶፋው ሦስተኛ ነው። አብዛኛው ሰው ግን ሶፋውን ያስቀድምና መንገዱንም ቡናውንም በተረፈው ቦታ ያጣብቃቸዋል።

ለመሞከር ሶፋ መጎተት አያስፈልግም። ወለሉ ሲሚንቶ ከሆነ በጠመኔ፣ ሴራሚክ ከሆነ በወረቀት ፕላስተር የዕቃውን ልክ አስምሩና አንድ ቀን ኑሩበት። ቤተሰቡ ሳያስበው መስመሩን እየረገጠ የሚያልፍበት ቦታ የሶፋ ቦታ አይደለም።

"ቴሌቪዥን ስናይ ሰው ሁሉ በፊታችን ያልፋል"

ምልክቱን ምንጣፉ ይነግራችኋል። አንሱትና በብርሃን እዩት፤ ከዋናው በር ወደ ማድቤት፣ ከማድቤት ወደ መኝታ ቤት የሚሄድ ያለቀ መስመር ታገኛላችሁ።

ምክንያቱ በሮቹ ናቸው። ሰው ከበር ወደ በር የሚሄደው በአጭሩ መንገድ ነው። ሶፋዎቹ ሁሉ ግድግዳ ታከው ሲደረደሩ መሃሉ ባዶ ይሆናል፤ ባዶው ደግሞ መንገድ ይሆናል። ቴሌቪዥኑንና ተመልካቹን የሚለየው ያው ባዶ ቦታ ነው።

መፍትሄው መንገዱን መዝጋት ሳይሆን ጥግ ማስያዝ ነው። በሮቹ በሚበዙበት በኩል ከ80 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው መተላለፊያ ተዉና ትልቁን ሶፋ ከግድግዳው አላቅቃችሁ ጀርባውን ለመተላለፊያው ስጡ። ያን ጊዜ ሰው ከኋላ ያልፋል።

ይህን ሆጤ አካባቢ ላሉ አንዲት እናት ስነግራቸው አላመኑኝም። "አንተ ልጅ፣ እንግዳ ሲገባ ሶፋ ጀርባውን ሰጥቶ ይቀበለዋል እንዴ? ነውር አይደለም?" አሉኝ። "እማማ፣ እውነትዎን ነው" አልኩና ሶፋውን ሩብ ዙር አዞርኩት፤ ለዋናው በር ጎኑን፣ ለማድቤቱ በር ጀርባውን ሰጠ። ከዚያ ወዲህ ለሁሉም የምለው ይህንን ነው፤ ጀርባ ለጓዳ፣ ጎን ለእንግዳ።

አንድ የሙያ ነገር ልጨምር። እኛ ሶፋ ሠሪዎች ግድግዳ ለሚታከክ ሶፋ ጀርባው ላይ የምንመታው ርካሽ ስስ ጨርቅ ነው። መሃል ላይ እንደሚቆም ካልነገራችሁን ያው ይመጣላችኋል። ስታዙ "ጀርባውም በፊቱ ጨርቅ ይሸፈን" በሉ፤ ትንሽ ያስጨምራል፣ ግን ያዋጣል።

"ሳሎናችን አውቶቡስ ይመስላል"

ጠባብና ረጅም ሳሎን ነው። ወርዱ 2.80 ሜትር ነው እንበል። እያንዳንዱ 90 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያላቸው ሁለት ሶፋዎች ፊት ለፊት ሲቀመጡ 1.80 ይበላሉ። በቀረው አንድ ሜትር ላይ 55 ሴንቲ ሜትር ጠረጴዛ ሲገባ በየጎኑ የሚተርፈው ስንዝር ያህል ነው። ጉልበት የት ይግባ? እንግዳ ሲነሳ ሁሉም አብሮ ይነሳል።

እንዲህ የሚሆነው እንግዳ በመፍራት ነው። ለለቅሶና ለሰርግ የሚበቃ መቀመጫ በአዘቦቱም ቀን ቤት ውስጥ ይቀመጣል። እኔ ሶፋ ሻጭ ነኝና ይህን ስል ገበያዬን እየዘጋሁ ነው፤ ቢሆንም ዘጠኝ ሰው የሚይዝ ሶፋ ገዝቶ ዓመቱን ሙሉ ተጨናንቆ ከመኖር አምስት የሚይዝ ሶፋና አራት በርጩማ ይሻላል። በርጩማው አልጋ ሥር ይገባል፤ ከጎረቤትም ይዋሳሉ።

ጠባብ ሳሎን ላይ ረጅሙን ሶፋ በአንድ ግድግዳ ብቻ አድርጉ፤ ጥልቀቱም ከ75 እስከ 80 ይሁን። ሁለቱን ባለ አንድ መቀመጫ ከጫፉ ላይ አግድም አቁሟቸው፤ ዓይን እዚያ ላይ ሲያርፍ ርዝመቱ ይቆረጣል። ምንጣፉንም እንደ ቤተ መንግሥት ኮሪደር ከዳር እስከ ዳር አትዘርጉት፤ አንዱ ለመቀመጫው፣ ሌላው ለምግብ ጠረጴዛው ይሁን። ቴሌቪዥኑ ከሶፋው ፊት ለፊት በሌላው ረጅም ግድግዳ ላይ ይሰቀል። 43 ኢንች ስክሪን ከ1.70 እስከ 2.70 ሜትር ርቀት ላይ ይመቻል፤ ስለዚህ ጠባብነቱ እዚህ ላይ አይጎዳችሁም። ባለ መስታወቱ ቡፌ መግቢያው ላይ ካለ ከዚያ አንሱት። ከባድ ዕቃ በር ላይ ሲቆም ቤቱ ገና ሳይገቡበት ይጠባል።

"አንዱ ግድግዳ ሰያፍ ነው"

መጀመሪያ በእርግጥ ሰያፍ መሆኑን አረጋግጡ። ግንበኞች የሚያደርጉትን አድርጉ፦ ከጥጉ ጀምራችሁ በአንዱ ግድግዳ 60፣ በሌላው 80 ሴንቲ ሜትር ለኩና ምልክት አድርጉ። በሁለቱ ምልክቶች መካከል 100 ከመጣ ጥጉ ቀጥ ያለ ነው። ከበለጠ ተከፍቷል፤ ካነሰ ተዘግቷል።

ኤል ሶፋ የሚያሳምመው እዚህ ነው። የእኛ ኤል 90 ዲግሪ ነው። ጥጉ አሥር ዲግሪ ብቻ ከተከፈተ፣ ሁለት ሜትር በሚረዝመው ክንድ ጫፍ ላይ በሶፋውና በግድግዳው መካከል 35 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይገኛል። የልጅ ጫማ፣ የጠፋ ሪሞት፣ የአይጥ መኖሪያ ይሆናል። ጥጉ የተዘጋ ከሆነ ደግሞ ሶፋው ጭራሽ አይገባም።

ሰው የሚሳሳተው ሰያፉን ግድግዳ መሪ በማድረጉ ነው። ሶፋው ሰያፉን ሲከተል ጠረጴዛው ሶፋውን፣ ምንጣፉ ጠረጴዛውን ይከተላል፤ ቤቱ ሁሉ ተንጋደደ ማለት ነው። መሪ የሚሆነው ረጅሙና ቀጥ ያለው ግድግዳ ነው። ዕቃውን ሁሉ በእሱ አሰልፉ። ሰያፉ ግድግዳ ሥር የሚተርፈውን ሦስት ማዕዘን ሥራ ስጡት፤ ሰፊው ጫፍ ሞሰብ ወይም የአበባ ማሰሮ፣ ጠባቡ ጫፍ በልኩ የተቆረጠ መደርደሪያ ይይዛል።

የአያቶቻችን ቤት ይህ ጣጣ አልነበረበትም። የጭቃ መደቡ ከግድግዳው ጋር አብሮ ይሠራ ስለነበር ግድግዳው ሲታጠፍ አብሮ ይታጠፍ ነበር። ዛሬ ለዚያ የሚቀርበው ፍራሹ መሬት ላይ የሚደረደረው አረቢያን መጅሊስ ነው። ፍራሹ ቁርጥራጭ ስለሆነ፣ ጥጉ ላይ ያለውን ቁራጭ በካርቶን ልክ ወስደን በሰያፉ እንቆርጠዋለን። አምስት ግድግዳ ላለው ቤት ከኤል ሶፋ ይልቅ መጅሊስ እመክራለሁ፤ ጉልበታቸውን የሚያማቸው አዛውንት ካሉ ግን ከመሬት መነሳት ይከብዳቸዋልና 45 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው አንድ ወንበር ከጎኑ አይጥፋ።

ሰላት የሚሰገድበት ቤት ከሆነ ሌላ ልኬት አለ። ከደሴ ሲታይ መካ ቀጥ ብላ ወደ ሰሜን ናት ማለት ይቻላል። ግድግዳው ቂብላውን ካልተከተለ መስገጃው ከዕቃው ጋር ሰያፍ መሆኑ አይቀርም፤ ለአንድ ሰው የሚሆን ቦታ ጠረጴዛ ሳይነሳ እንዲተርፍ አድርጉ። አንድ ሐጂ ደንበኛዬ በየሰላቱ ጠረጴዛ ሲያነሱ ሲመልሱ ኖረው፣ እኔ ለሶፋ ልኬት ስሄድ ጠረጴዛውን እንዳለ ለልጃቸው ሰጡት። ሶፋውም ሳይቀየር ሳሎኑ ሰፋ፤ እኔም ቡና ጠጥቼ ተመለስኩ።

"ቡና ሲፈላ መግቢያ ይጠፋል"

ወሎ ውስጥ ቡና የጓዳ ሥራ አይደለም። ጎረቤት ይጠራል፣ እጣን ይጨሳል፣ ዱአም ይደረግበታል፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪባል ሰዓቱ ይሄዳል። ለዚህ ሁሉ ግን በሳሎኑ አደራደር ውስጥ ቦታ አይሰጠውም። ሶፋው፣ ጠረጴዛውና ቡፌው ወለሉን ጨርሰው ረከቦቱ ሲመጣ ባዶ የሚገኘው በሩ ሥር ብቻ ነው። በመግባትና በመውጣት መካከል ጀበና ይደፋል፤ የልጅ እግር ፍም ይረግጣል።

አንድ ሜትር በ1.20 የሚሆን ወለል ከሁሉ በፊት ለቡናው ከልሉ። ቡና አፍይዋ ጀርባዋን ለግድግዳ ሰጥታ ሁሉንም የምታይበት፣ ከመተላለፊያው ውጭ የሆነ፣ ሲኒ የሚቀመጥበት ቡፌ ሳትነሳ የምትደርስበት ቦታ ይሁን። ከመጋረጃው ቢያንስ አንድ ሜትር ይራቅ። ከሥሩ ሴራሚክ ቢሆን ይመረጣል፤ ምንጣፍ ከሆነ እዚያ ድረስ አይድረስ፣ ቄጤማው ይበቃል።

የሚከፈት መስኮት አጠገብ መሆኑ ግን ምርጫ አይደለም፣ ግዴታ ነው። ኅዳር ላይ ደሴ ስትበርድ ሰው በሩንም መስኮቱንም ዘግቶ ምድጃውን ያቅፋል። ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ይህ ጋዝ አይሸትም፣ አይታይም፣ ይገድላል። ጭሱ አልቆ የቀላ ፍምም ያወጣዋል። ቡና ሲፈላ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ የሚመጣ ከሆነ ሁሉን ነገር በእጣኑ አታሳብቡ፤ ሰውን አውጡ፣ መስኮት ክፈቱ። መስኮቱን ሶፋ ከዘጋው ደግሞ መነሳት ያለበት ሶፋው ነው።

"የሶፋው ጀርባ ይሸታል"

ዳገት ተቆርጦ በተሠራ ቤት የኋላው ግድግዳ አፈር ተሸክሟል። ሐምሌና ነሐሴ ሲዘንብ፣ በልግም ሲጠነክር ውሃው በግድግዳው ይሰርጋል። ከታች ቀለሙ ይላጣል፣ ነጭ ዱቄት የመሰለ ጨው ይወጣል፣ ሶፋው ይሻግታል።

ለአንድ ደንበኛ ሁለት ጊዜ ስፖንጅ ቀይሬ ገንዘብ ተቀብያለሁ። በሦስተኛው አፈርኩና ሶፋውን ትቼ ግድግዳውን አየሁት፤ በውጭ በኩል አፈሩ ከወለሉ አንድ ክንድ ከፍ ብሎ ነበር። ስለዚህ ሥራው ከውጭ ይጀምራል፦ አፈሩ ከወለሉ ዝቅ ይበል፣ ቦይ ይቆፈር፣ የጣሪያው ውሃ በአሸንዳ ይራቅ። በውስጥ በኩል ሶፋው ከዚያ ግድግዳ አሥር ሴንቲ ሜትር ይራቅ፤ አየር ከሥር እንዲያልፍ እግር ያለው ይሁን። መጅሊስ እዚያ ግድግዳ ሥር አይደረግም፤ ፍራሹ መሬት ላይ ስለሆነ ውሃውን ይጠጣል።

ወደ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትወርዱ ነገሩ ይገለበጣል። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ስትሆን ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ ናት፤ እዚያ የሚያስቸግረው ሙቀት ነው። ለደሴ የምመክረውን ወፍራም ቬልቬት እዚያ አልመክርም፤ ሶፋውንም ከሰዓት ፀሐይ ከምትመታው ግድግዳ አንስቼ ነፋስ ወዳለበት አዞረዋለሁ።

መሃል ላይ ምሰሶ ካለ

ምሰሶውን ከመደበቅ መጠቀም ይቀላል። የመቀመጫውና የምግብ ጠረጴዛው ድንበር አድርጉት፣ የሶፋውን ጫፍ አስጠጉት። ጣሪያውን የተሸከመ ስለሆነ ማንም ደፋር ባለሙያ "እናውጣው" ቢላችሁ አትስሙት።

ሶፋው በሩን አላልፍ ሲል

ይህ የራሴ ጥፋት ነው። በሩን ለክቼ፣ ሳሎኑን ለክቼ፣ 2.40 የሚረዝም ሶፋ ሠራሁ። ከአስፋልቱ ወደ ቤቱ የሚያወርደው ደረጃ መሃል ላይ ይታጠፍ ነበር፤ እሱን አልለካሁም። አራት ሰው ተሸክሞት ታጠፊያው ላይ ቆመ። የጎረቤት አጥር ላይ ወጥተን፣ በገመድ አውርደን፣ የመስኮቱን ፍርግርግ አስነቅለን አስገባነው፤ የብየዳውንም እኔ ከፈልኩ። አሁን ልኬት የምጀምረው ከመኪና ማቆሚያው ነው። ከሁለት ሜትር የሚበልጠውንም ሶፋ በሁለት ከፍዬ እሠራና ሳሎን ውስጥ በብሎን አገጥመዋለሁ።