ቀጭ ቀጭ ከሚል ሃርድ ዲስክ የአባባን ፎቶ እንዴት እንዳወጣሁ

የእህቴ ላፕቶፕ አልነሳም አለ። ጆሮዬን ጠጋ ሳደርግ ሃርድ ዲስኩ ቀጭ... ቀጭ ይላል። ውስጡ የመመረቂያ ጽሑፏና የአባባ የመጨረሻ ፎቶዎች አሉ።

ደብረ ብርሃን ያሳየሁት ጥገና ቤት «ፎርማት ይደረግ» አለኝ። እምቢ አልኩ። ፍሪዘር ውስጥ ክተተው ያለኝም ነበር፤ እርጥበት ስለሚያስገባ ተውኩት።

ከፍላሽ ኡቡንቱ የሚባለውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም አስነሳሁና ዲዲረስኪው በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ሙሉውን 500 ጊጋባይት ወደ 1 ቴራባይት ኤክስተርናል ዲስክ መገልበጥ ጀመርኩ። ፕሮግራሙ ጤነኛውን ክፍል ያስቀድማል፤ የተበላሸውን ዘሎ በኋላ ይመለስበታል። የዊንዶውስን ዲስክ መጠገኛ ቼክ ዲስክን ግን አደራ እንዳትሞክሩ፤ የደከመን ዲስክ ይበልጥ ያለፋዋል።

ሌሊት መብራት ጠፋ። የላፕቶፑ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል። ደግነቱ የት እንደደረሰ የሚመዘግበውን ማፕ ፋይል ያስቀመጥኩት ኤክስተርናሉ ላይ ነበር። ከፍላሽ የተነሳው ኡቡንቱ ላይ ቢሆን አብሮ ይጠፋ ነበር። መብራት ሲመጣ ያንኑ ትዕዛዝ ደግሜ ሰጠሁት፤ ካቆመበት ቀጠለ።

በሦስተኛው ቀን አለቀ። ጽሑፏ ከነስሙ ተገኘ። ፎቶዎቹን ከኮፒው ላይ የጠፉ ፋይሎችን ፈልጎ በሚያወጣው ፎቶሬክ በሚባል ፕሮግራም አወጣሁ፤ የፋይል ስም ስለማይመልስ አንድ በአንድ እየከፈትን ለየን። አባባ ጋቢ ለብሰው ደጃፍ ላይ የተነሱት ከታች ግማሹ ግራጫ ሆኗል። ፊታቸው ግን ሙሉ ነው።