ጠዋት አልነሳ የሚል፣ ጣርማ በር ላይ የሚፈላ አሮጌ መኪና፦ ችግሩና መፍትሄው

ሰሜን ሸዋ ውስጥ አሮጌ መኪና የሚነዳ ሰው ሞተሩን ከመጠርጠሩ በፊት ከፍታውንና ብርዱን ይጠርጥር። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሸዋ ሮቢት 1,280 አካባቢ። መሃል ላይ ያለው ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር ያልፋል። አየሩ ሲሳሳ ሞተር በየ1,000 ሜትሩ አስር በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። ይህ ብልሽት አይደለም። ስለዚህ ምልክቱ መቼና የት እንደሚመጣ ልብ በሉ፤ ጠዋት ብቻ ነው? ዳገት ላይ ብቻ? ወይስ ሁልጊዜ? ከታች ያለው ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር የሚደባልቀው ክፍል) ላላቸው የቤንዚን መኪኖች ነው፤ ለዲኤክስ፣ ለላዳና ለመሰሎቻቸው።

ጠዋት አልነሳ ሲል

የፊት መብራት አብርታችሁ ቁልፉን አዙሩ። መብራቱ ጭልም ካለ ባትሪው ደክሟል ወይም ሞርሴቶው (የባትሪው ገመድ ማሰሪያ) ቆሽሿል። መብራቱ ደምቆ «ጠቅ» ብቻ ካለ ሞተሪኖውን (ሞተሩን የሚያስነሳውን) ጠርጥሩ። ብርድ የባትሪን አቅም ይቀንሳል፤ ሮቢት በደንብ ሲያስነሳ የነበረ ባትሪ በታኅሣሥ ውርጭ ደብረ ብርሃን ላይ እምቢ ሊል ይችላል። ሞርሴቶውን ፍቱ፣ ነጌቲቩን አስቀድሙ፣ ነጩን ዱቄት በሙቅ ውሃ አጥባችሁ አድርቁና አጥብቃችሁ እሰሩ። ዘይቱም ወፍራም እንዳይሆን እዩ። የመኪናው መመሪያ ከፈቀደ ለደጋ ከ20/50 ይልቅ 10/30 ይሻላል።

ሞተሩ በደንብ እየዞረ ካልያዘ ግን አንድ ካንዴላ (እሳት የሚሰጠውን) ፍቱ። ደረቅ ከሆነ ቤንዚን አልደረሰም፤ የቤንዚን ፊልትሮውን (ማጣሪያውን)፣ ፓምፑንና ቾኩን (በብርድ ለማስነሳት አየር የሚቀንሰውን መዝጊያ) እዩ። በቤንዚን ከራሰ እሳት የለም ወይም ቤንዚን በዝቶበታል። ካንዴላውን አድርቁ፣ የስፒንትሮጅኖውን (ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለውን) ክዳን ከፍታችሁ ውስጡን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። የጣርማ በር ጉምና የሐምሌ ዝናብ እዚያ ውስጥ እርጥበት ይተዋሉ። ብዙ ጊዜ መኪናው በዚህ ብቻ ይነሳል።

ሲፈላ

ብዙ ገንዘብ ያለ አግባብ የሚወጣው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው። ደብረ ብርሃን ላይ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ነው። ጤናማ ሞተር ደግሞ የሚሠራው በዚያው ሙቀት ነው። ውሃው እንዳይፈላ የሚይዘው የራዲያተሩ ክዳን ነው። 0.9 የተጻፈበት ክዳን ግፊቱን ይዞ መፍያውን ከ110 ዲግሪ በላይ ይወስደዋል። ጎማው የደረቀ ወይም ስፕሪንጉ የላላ ክዳን ግፊት አይዝም፤ ሞተሩ ምንም ሳይሆን ውሃው ይንተከተካል። ስለዚህ የመጀመሪያው መፍትሄ ክዳን መቀየር ነው፣ ዋጋውም ቀላል ነው። ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ ክዳኑን በፍጹም አትክፈቱ። የሚወጣው እንፋሎት ፊት ያቃጥላል።

ክዳኑ ደህና ከሆነ ቀጥሉ። ቆሞ ሲፈላ፣ ሲሄድ ደህና ከሆነ ቬንትሌተሩን (ማራገቢያውን) ወይም ቺንጋውን (ቀበቶውን) እዩ። ሜዳ ላይ ደህና ሆኖ ከሮቢት ወደ ደብረ ሲና ሲወጣ የሚፈላ ከሆነ ራዲያተሩ በዝገት ተደፍኗል። ሞተሩ ግሎ የላይኛው የራዲያተር ጎማ ከቀዘቀዘ ደግሞ ቴርሞስታቱ (ሞተሩ ሲሞቅ ለውሃው መንገድ የሚከፍተው) እንደተዘጋ ተጣብቋል። አዲስ ግዙለት። አውጥቶ መጣል በደጋ ከተማ ትልቅ ጥፋት ነው፤ ሞተሩ ሳይሞቅ እየሠራ ቤንዚን ይበላል፣ ቶሎም ያልቃል። ንጹህ ውሃ ብቻም አትሙሉ። ከኩላንት ጋር እኩል ሲደባለቅ ከውርጭም ከዝገትም ይጠብቃል።

የዘይት ክዳኑ ስር ማኪያቶ የመሰለ ነገር አይታችሁ አትደንግጡ። በብርድ አጭር መንገድ ለሚሄድ መኪና እርጥበት ብቻ ሊሆን ይችላል። የዘይት መለኪያውን አውጡ። እሱም ላይ ካለ፣ ወይም ቀዝቃዛውን ሞተር ክዳኑን ከፍታችሁ ስታስነሱ ራዲያተሩ ውስጥ ያለማቋረጥ አረፋ ከወጣ፣ ያኔ የተበላሸው የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛ ክፍል) ጋርኒሲዮን፣ ማለትም ማሸጊያው ነው።

ጭስ

ጠዋት ነጭ ሆኖ ሞተሩ ሲሞቅ የሚጠፋ ጭስ እንፋሎት ነው፤ ተዉት። ከሞቀም በኋላ ከቀጠለና ውሃ ከጎደለ ወደ ጋርኒሲዮኑ ተመለሱ።

ጥቁር ጭስ ቤንዚን በዝቷል ማለት ነው። የአየር ፊልትሮውን እዩ፤ የመንዝ ኮረኮንች አቧራ ቶሎ ይደፍነዋል። ካልጠራ ካርቡራተሩ ይስተካከል፣ ያውም መኪናው በሚኖርበት ከተማ። ቆላ ላይ የተስተካከለ ካርቡራተር ደጋ ላይ ቤንዚን ያበዛል።

ሰማያዊ ጭስ ዘይት ነው። ከጣርማ በር በማርሽ ይዛችሁ ወርዳችሁ ታች ነዳጅ ስትሰጡ ቡፍ ብሎ ከጠፋ የቫልቭ ጎማ ነው፤ ለጊዜው ዘይት እየለካችሁ መንዳት ትችላላችሁ። ዳገት ላይ ሳያቋርጥ ከወጣ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቆ ይሆናል።

ጉልበት ሲያጣና ሲንቀጠቀጥ

ሞተሩን አጥፉ፣ የአንዱን ካንዴላ ገመድ ንቀሉ፣ በነቀላችሁት ገመድ ጫፍ ትርፍ ካንዴላ ሰክታችሁ የካንዴላውን ብረት ከሞተሩ ብረት ጋር አስነኩና ሞተሩን አስነሱ፤ ስትሠሩ ገመዱን አትንኩት። በየተራ ሞክሩ። ተነቅሎ ሳለ የሞተሩ ድምፅ ያልተለወጠበት ሲሊንደር ነው ያልሠራው። መጀመሪያ ካንዴላውን፣ ቀጥሎ ገመዱን ከጎኑ ካለው ጋር አለዋውጡ። ችግሩ አብሮ ከተዛወረ ጥፋተኛው ተገኘ።

ካልተዛወረ ኮምፕሬሽን (በየሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው ግፊት) ይለካ። ከዚያ በፊት «ቴስታታ እንክፈት» ለሚል መካኒክ እሺ አትበሉ። ዝቅ ያለው ሲሊንደር ውስጥ አንድ ማንኪያ ዘይት ተጨምሮ እንደገና ይለካ። ቁጥሩ ከጨመረ ፋሻ ነው፤ ካልጨመረ ቫልቭ ወይም ጋርኒሲዮን።