አከራያችን «ውል አላድስም» ሲሉን የተስማማንበት መንገድ

ባሕር ዳር ቀበሌ 14 የምንኖርበት ቤት ውል ካበቃ ሰንብቷል። አከራያችን እትዬ ግን ኪራዩን በየወሩ በባንክ ሲቀበሉ ቆይተው በድንገት «ልጄ ሊገባበት ነው፤ በሳምንት ልቀቁልኝ» አሉን። ልጆቻችን ደግሞ ፈተና ላይ ናቸው።

ብዙ ሰው የጠቀሰልን አዋጅ ቁጥር 1320/2016ን ነው። የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይደነግጋል። በክልል ከተሞች የሚሠራው ግን ክልሉ ሲወስን ስለሆነ በእሱ ብቻ አልተማመንንም። የረዳን የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው፦ ውሉ ካለቀ በኋላ ተከራይ ቤቱ ውስጥ ከቀጠለና አከራይ እያወቀ ካልተቃወመ፣ ውሉ ላልተወሰነ ጊዜ እንደታደሰ ይቆጠራል። አከራይ ማቋረጥ ይችላል፤ ማስጠንቀቂያ ግን መስጠት አለበት።

የባንክ ደረሰኞቹን አሳተምን። እንደ «የመጋቢት ቤት ኪራይ» ያለ የክፍያ ምክንያት ከየወሩ ስም ጋር እያንዳንዱ ላይ ሰፍሯል፤ ክርክሩን የዘጋው እሱ ነው። ክስ ከመመሥረታችን በፊት ሁለት የሰፈር ሽማግሌዎች ለመንን፣ ቡና ተፈልቶ ተነጋገርን። ለልጃቸው ማሰባቸው ያስከፋል አልልም፤ እኛም የጠየቅነው ጊዜ ብቻ ነው።

በመጨረሻ ትምህርት እስኪዘጋ በነበረው ዋጋ እንድንቆይ፣ ያስያዝነው ገንዘብም ለመጨረሻው ወር እንዲታሰብ በጽሑፍ ተስማማን። ሽማግሌዎቹ በምስክርነት ፈርመዋል፤ አንዱ ቅጂ እኛ ጋ ነው።