ለኩላሊት ንቅለ ተከላ ወደ ሕንድ ከመሄዳችሁ በፊት

ኩላሊቱ ሥራ ያቆመ ሰው በሳምንት 3 ቀን፣ በእያንዳንዱ ቀንም ለ4 ሰዓት ያህል ከእጥበት ማሽን ጋር ይውላል። ይህ ኑሮ ጥቂት ወራት ከቆየ በኋላ በየቤቱ የሚነሳው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ሕንድ ብንወስደውስ?» ይባላል። በእኛም ቤት ይኸው ጥያቄ ተነስቶ፣ ታናሽ ወንድሜንና ኩላሊቷን የሰጠችውን እናታችንን ይዤ ወደ ዴልሂ ተጉዣለሁ። በዚያ ጉዞ ያየሁትን የምጽፈው፣ ቤተሰብን የሚፈትነው ጥቂት ሰዓት የሚፈጀው ቀዶ ሕክምና ሳይሆን ከእርሱ በፊት ያለው የወረቀት ሥራና ከእርሱ በኋላ ያሉት የመድኃኒት ዓመታት መሆናቸውን አስቀድሞ የነገረን ሰው ስላልነበረ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ሀገር ውስጥ ያለውን በር አንኳኩ። በአዲስ አበባ የሚገኘው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ የሀገሪቱን የመጀመሪያ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ማዕከል ከፍቶ፣ ከቤተሰብ አባል በሚለገስ ኩላሊት ሕክምናውን መስጠት ጀምሯል። ለእናንተ የሚሆን ዕድል እዚያ ይኑር አይኑር የሚከታተላችሁን የኩላሊት ሐኪም በግልጽ ጠይቁ። ወደ ውጭ የሚወስደው መንገድም የሚጀምረው ከዚሁ ሐኪም ስለሆነ በመጠየቃችሁ የምታባክኑት ጊዜ የለም። የሕክምና ቦርድ ውሳኔ የሚገኘው በእርሱ የሪፈር ወረቀት ነው፤ ባንክም ለሕክምና የውጭ ምንዛሬ ሲጠየቅ የቦርዱን ደብዳቤ፣ የሆስፒታሉን የዋጋ ግምት፣ ፓስፖርትና ቪዛን የመሳሰሉ ሰነዶችን ይፈልጋል። የምትጠቀሙበት ባንክ የሚፈልገውን ዝርዝር ገና በመጀመሪያው ሳምንት በጽሑፍ ተቀበሉ።

ለጋሹ ማን ነው?

ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሕንድ በ1994 እ.ኤ.አ. ያወጣችውና በ2011 ያሻሻለችው የአካል ንቅለ ተከላ ሕግ «የቅርብ ዘመድ» የሚላቸው የትዳር ጓደኛን፣ አባትና እናትን፣ ወንድምና እህትን፣ ወንድና ሴት ልጅን፣ አያትንና የልጅ ልጅን ብቻ ነው። በእኛ ዘንድ የአጎት ልጅ ወንድም ነው፤ አብሮ ያደገ የጎረቤት ልጅም ወንድም ይባላል። በሕንድ ሕግ ፊት ግን የአክስትና የአጎት ልጅ ከዚህ ዝርዝር ውጭ ስለሆነ፣ «ወንድሜ ነው» ብሎ ቀርቦ በኋላ የአጎት ልጅ መሆኑ ሲታወቅ ጉዳዩ ከመዘግየት አልፎ በውሸት ያስጠረጥራል። ስለዚህ ዝምድናውን እንዳለ ተናገሩ።

ለጋሹም ሆነ ተቀባዩ የውጭ ዜጋ ሲሆን፣ የቅርብ ዘመዳሞች ቢሆኑም እንኳ ንቅለ ተከላው የሚከናወነው የፈቃድ ኮሚቴ አስቀድሞ ከፈቀደ በኋላ ነው። ሕንዳዊ ለጋሽ የቅርብ ዘመዱ ላልሆነ የውጭ ዜጋ ኩላሊት እንዲሰጥ ኮሚቴው ሊፈቅድ አይችልም። በመሆኑም «ለጋሽ እዚያው ይገኝላችኋል፣ እናንተ ገንዘቡን ብቻ አዘጋጁ» የሚል ደላላ ቢያጋጥማችሁ የሚያቀርብላችሁ ወንጀል መሆኑን እወቁ። አካል መግዛትና መሸጥ በዚያ ሀገር ከ5 እስከ 10 ዓመት እስራት ከከባድ የገንዘብ መቀጮ ጋር ያስከትላል፤ ኩላሊቱን የሚሸጠውም አብዛኛውን ጊዜ ዕዳ ያስጨነቀው ድሃ ነው።

የደም ዓይነት፣ የቲሹና የክሮስማች ምርመራ (የለጋሹ ኩላሊት ከተቀባዩ ሰውነት ጋር መስማማቱን የሚያሳዩ ናቸው) ሀገር ውስጥ ማድረግ የሚቻል ከሆነ ከመሄዳችሁ በፊት አድርጉት። የለጋሹን የደም ግፊት፣ የስኳርና የሽንት ምርመራም እዚሁ ጨርሱ፤ ለጋሹ ብቁ እንዳልሆነ ዴልሂ ደርሶ መስማት የቲኬቱን ብቻ ሳይሆን የታማሚውንም ጉልበት ያስከፍላል።

ስም፣ ፊደልና ማኅተም

የእኛ አጠራር ሕንዳውያኑን ግራ ያጋባል። እነርሱ በፓስፖርት ላይ የቤተሰብ ስም ይፈልጋሉ፤ እኛ ግን የምንጠራው በአባትና በአያት ስም ስለሆነ እናትና ልጅ በስም አይገናኙም፣ ሚስትም የባሏን ስም አትወስድም። ኮሚቴው ፊት እናትና ልጅ ቀርበው ፓስፖርታቸው ሲታይ አንድም የሚያዛምዳቸው ስም የለም። ማስረጃ የሚሆነው የልደት ምስክር ወረቀት ነው፤ ለባልና ሚስት ደግሞ የጋብቻ ምስክር ወረቀት።

በእኛ ጉዳይ የእናታችን ስም በወንድሜ የልደት ምስክር ወረቀት ላይ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ከፓስፖርቷ በአንዲት ፊደል ይለያል። አዲስ አበባ ሆነን ሁላችንም አይተነው ነበር፤ «ይህ ምን ያደርጋል» ብለን አለፍነው። ያቺ ፊደል ዴልሂ ላይ 11 ቀን አስቆጠረችን። በእነዚያ ቀናት ወንድሜ እጥበቱን በሕንድ ዋጋ ሲከፍል፣ እናታችን ደግሞ በእንግዳ ማረፊያው አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ «በእኔ ስም የተነሳ ልጄ ተጉላላ» እያለች ታዝን ነበር። የሁሉንም ሰው ፓስፖርት፣ የልደት ወረቀትና የጋብቻ ወረቀት አንድ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ ስሙን ፊደል በፊደል፣ የትውልድ ቀኑንም ከኢትዮጵያ ወደ አውሮፓ አቆጣጠር ሲዛወር እንዳልተፋለሰ አስተያዩ። ልዩነት ካገኛችሁ ከጉዞው በፊት አስተካክሉት።

ሰነዶቹን በተፈቀደለት ተርጓሚ አስተርጉማችሁ በሰነዶች ማረጋገጫና በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አስረጋግጡ። ከዚያም ኒው ዴልሂ የሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲ የለጋሹንና የተቀባዩን ዝምድና የሚያረጋግጥ ደብዳቤ እንዲሰጣችሁ ያስፈልጋል። የሕንድ ደንብ ለውጭ ዜጎች የሚጠይቀው ይህን ስለሆነ ዋናዎቹን ሰነዶች ቤት ትታችሁ ቅጂ ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። በኮሚቴው ፊት ለጋሹ ብቻውን ይጠየቃል፣ ቃሉም በቪዲዮ ይቀረጻል። እናት ወይም እህት አማርኛ ብቻ የምትናገር ከሆነ አስተርጓሚ አስቀድሞ እንዲዘጋጅ ጠይቁ፤ ምን እንደምትጠየቅም፣ በፈቃዷ እየሰጠች መሆኗን በገዛ አንደበቷ መናገር እንዳለባትም ንገሯት።

ሆስፒታሉና ሒሳቡ

ቢያንስ ለሁለት ወይም ለሦስት ሆስፒታሎች የውጭ ሀገር ታካሚዎች ክፍል በቀጥታ ጽፋችሁ የዋጋ ግምት አስመጡ። በመካከል የሚገባ አመቻች ብዙ ጊዜ ኮሚሽን የሚያገኘው ከሆስፒታሉ ስለሆነ፣ የሚያመሰግነው ሆስፒታል ለእናንተ የሚሻለው ላይሆን ይችላል። ግምቱ ሲደርሳችሁ ድምሩን ከማየታችሁ በፊት ውስጡን አንብቡ፤ ስንት የአልጋ ቀን እንደያዘ፣ የለጋሹ ምርመራና ቀዶ ሕክምና በውስጡ እንዳለ፣ እስከ ቀዶ ሕክምናው ቀን ያለው እጥበት መቆጠሩን፣ ኢንፌክሽን ወይም የጽኑ ሕሙማን ክፍል ቆይታ ቢያጋጥም ተጨማሪው ምን ያህል እንደሆነ ጠይቁ። ከሆስፒታሉ ሒሳብ ውጭ ለሦስት ሰው የሁለት ወይም የሦስት ወር የቤት ኪራይና ምግብ አስቡ። ዘመድ አዝማድ፣ ዕድርና በውጭ ያለው ወገን ሲያዋጣ «ለቀዶ ሕክምናው» እየተባለ ስለሆነ ገንዘቡ በዚያው ያልቃል። ከሚሰበሰበው ላይ የመጀመሪያውን ዓመት የመድኃኒትና የምርመራ ወጪ ለይታችሁ አስቀምጡ፤ ይህን ማድረግ ካልቻላችሁ የጉዞውን ቀን ማራዘም ይሻላል ብዬ አምናለሁ። የተተከለ ኩላሊት በመድኃኒት እጦት ሲሞት የእናትም ስጦታ አብሮ ይሞታልና።

ቪዛ፣ ክትባትና በረራ

ታማሚው የሕክምና ቪዛ፣ አብረውት የሚሄዱ እስከ ሁለት የሚደርሱ የቅርብ ቤተሰቦች ደግሞ የአስታማሚ ቪዛ ይጠይቃሉ። ለጋሹ በየትኛው ቪዛ እንደሚገባ ከሆስፒታሉና ከሕንድ ኤምባሲ አረጋግጡ። በጉብኝት ቪዛ ገብቶ ለመታከም መሞከር ኮሚቴው ፊት ሲደረስ ችግር ይሆናል።

ሕንድ ከኢትዮጵያ የሚመጣ መንገደኛ ቢያንስ 10 ቀን አስቀድሞ የተወሰደ የቢጫ ወባ ክትባት ምስክር ወረቀት እንዲይዝ ትጠይቃለች። ብዙ ሰው ይህን ተራ የጉዞ ሥርዓት አድርጎ በመጨረሻው ሳምንት ይሮጥበታል። ሆኖም ክትባቱ የተዳከመ ሕያው ቫይረስ ስለያዘ፣ ንቅለ ተከላ ተደርጎለት የሰውነት መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት የሚወስድ ሰው አይከተብም፤ ሕያው ክትባቶች ከንቅለ ተከላው ቢያንስ 4 ሳምንት ቀድመው እንዲሰጡም ይመከራል። ስለዚህ ወደ ሕንድ ለመሄድ ገና ስታስቡ ሐኪማችሁን ስለ ክትባቱ አማክሩ። ለታማሚው አይሆንም ካለ ምክንያቱን የሚገልጽ ደብዳቤ አጽፋችሁ ከሕንድ ኤምባሲ ጋር ተነጋገሩ። ቀደም ሲል ለሌላ ጉዞ የተከተበ ካለ፣ ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ ምስክር ወረቀቱ ለዕድሜ ልክ ስለሚያገለግል አሮጌውን ቢጫ ካርድ ፈልጉት።

በረራውን ከእጥበት ማግስት ላይ ያዙ፤ ዴልሂ በደረሳችሁ ማግስት ወይም በሁለተኛው ቀን የእጥበት ቀጠሮ እንዲኖራችሁም በጽሑፍ አረጋግጡ። በእጃችሁ በምትይዙት ሻንጣ ውስጥ የእጥበቱን ማጠቃለያ ያዙ፤ ደረቅ ክብደቱ (ትርፍ ውሃ ከወጣለት በኋላ ያለው)፣ የሚጠቀመው ፊስቱላ (ለእጥበት ክንድ ላይ በቀዶ ሕክምና የተገናኘ የደም ሥር) ወይም ካቴተር (ደም ሥር ውስጥ የገባ ቱቦ) መሆኑ፣ ደም እንዳይረጋ የሚሰጠው የሄፓሪን መጠኑ፣ የቅርብ ጊዜ የሄፓታይተስ ቢ፣ የሄፓታይተስ ሲ እና የኤችአይቪ ውጤቱ ይጻፉበት። ፊስቱላ ያለበት ክንድ ሻንጣ አይሸከምም፣ ደም ግፊት አይለካበትም፣ መርፌም አይወጋበትም።

እዚያ ከደረሳችሁ በኋላ የምግቡን ነገር ቸል አትበሉ። በዴልሂ ሙቀት በየመንገዱ ዳር ለጋ ኮኮናት እየተቀደደ ውሃው ይሸጣል፤ ወንድሜም «የተፈጥሮ ውሃ ነው፣ ምን ይጎዳኛል» ብሎ ገዝቶ ሊጠጣ ሲል አንዲት ነርስ ከእጁ ወስዳበታለች። የኮኮናት ውሃ በፖታሲየም የበለጸገ ነው፤ ኩላሊቱ የማይሠራ ሰው ደም ውስጥ ፖታሲየም ሲከማች ልብን ሊያቆም ይችላል። ሙዝ፣ ብርቱካንና የቲማቲም ድልህም እንደዚያው ናቸው።

ከተመለሳችሁ በኋላ

ከመመለሳችሁ በፊት የሽንት መስመር ላይ የተቀመጠ ቀጭን ቱቦ፣ ስቴንት የሚሉት፣ ከነበረ መውጣቱን ጠይቁ። የቀዶ ሕክምናውን ሙሉ ሪፖርት፣ የኩላሊቱን አሠራር የሚያሳየውን የክሬአቲኒን ምርመራ የመጨረሻ ውጤቶችና የመድኃኒቶቹን ጀነሪክ ስም (የፋብሪካ መለያ ያልሆነውን) በጽሑፍ ያዙ። አዲስ አበባ የሚቀበላችሁ ሐኪም ከመሄዳችሁ በፊት የታወቀ መሆን አለበት።

ሰውነት አዲሱን ኩላሊት እንዳይቃወም የሚሰጡት መድኃኒቶች በአብዛኛው ታክሮሊመስ፣ ማይኮፌኖሌትና ፕሬድኒሶሎን ናቸው፤ ኩላሊቱ እስካለ ድረስም አይቋረጡም። ታክሮሊመስ በየ12 ሰዓቱ የሚወሰድ ሲሆን ሰዓቱ ላይ አንድ ትልቅ ወጥመድ አለ። የሕንዱ ሐኪም ወረቀቱ ላይ 8 እና 8 ብሎ ሲጽፍ በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 2 ሰዓትና ማታ 2 ሰዓት ማለቱ ነው። ይህን ያልተረዳ አስታማሚ ዴልሂ ጠዋት ሲወሰድ የቆየውን መድኃኒት እዚህ በ8 ሰዓት፣ ማለትም ከምሳ በኋላ ይሰጠዋል። ከሆስፒታሉ ሳትወጡ ሰዓቱን በአማርኛ ጽፋችሁ ሣጥኑ ላይ ለጥፉት። በደም ውስጥ ያለው የታክሮሊመስ መጠን በሚለካበት ጠዋት ታማሚው መድኃኒቱን ሳይወስድ ደሙ ይቀዳል፣ ከተቀዳ በኋላ ይውጣል፤ አስቀድሞ ከወሰደው ውጤቱ ከፍ ብሎ ይታይና ሐኪሙን ያሳስታል።

ፋርማሲው የሌላ ፋብሪካ ታክሮሊመስ ቢሰጣችሁ ሐኪሙ ሳያውቅና በደም ውስጥ ያለው መጠን ሳይለካ አትቀይሩ። ግሬፕፍሩት የመድኃኒቱን መጠን በደም ውስጥ ከፍ ያደርጋል፤ ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን ደግሞ በጣም ዝቅ ያደርገዋል። ማንኛውም ክሊኒክ አዲስ መድኃኒት ሲያዝላችሁ ንቅለ ተከላ የተደረገለት ሰው መሆኑን ተናገሩ፤ የባህል መድኃኒትም አትጨምሩበት። ትኩሳት፣ የሽንት መቀነስ ወይም በተተከለው ኩላሊት አካባቢ ሕመም ከተሰማው የቀጠሮ ቀን ሳትጠብቁ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ለጋሹንም አትርሱ። ሁሉም ዓይን በታማሚው ላይ ስለሆነ የሰጠው ሰው ቁስሉ ከዳነ በኋላ የሚጠይቀው አያገኝም። እኛ ወንድሜን ለክትትል በምንወስድበት ቀን እናታችንንም በዓመት አንዴ አብረን እንወስዳታለን፤ የደም ግፊቷ ይለካል፣ ሽንቷና ክሬአቲኒኗ ይመረመራል፣ ውጤቷም ከወንድሜ ወረቀት ጋር በአንድ ማኅደር ይቀመጣል።