ምሰሶው ሲመታ ባሕሩ እንዳይጎዳ፦ የነፋስ ተርባይን ተከላ ድምፅን ከ160 ዴሲቤል በታች የመያዝ አሠራር

በሰሜን ባሕር ካሉት የነፋስ ተርባይኖች የሚበዙት የቆሙት ሞኖፓይል በሚባል አንድ ወፍራም የብረት ምሰሶ ላይ ነው። የዛሬዎቹ ምሰሶዎች ዲያሜትር 8 ሜትርና ከዚያም በላይ ይደርሳል። የባሕሩ ወለል ውስጥ የሚሰምጡት በሃይድሮሊክ መዶሻ በሺዎች ጊዜ ተደብድበው ነው። በዚያው ባሕር ፖርፖይዝ የምትባል ትንሽ የዶልፊን ዘመድ ትኖራለች። ዓሣ የምታድነው ድምፅ ልካ ማሚቶውን በማዳመጥ ስለሆነ፣ ጆሮዋ ከተጎዳ መራቧ ነው። ከዚህ በታች ያለው የጀርመን አሠራር ነው፤ ሕጉን በቁጥር አስሮ ስለያዘ ለመማር ይመቻል።

መነሻው የ1982ቱ የተባበሩት መንግሥታት የባሕር ሕግ ስምምነት ነው። አንቀጽ 1 ብክለትን ሲተረጉም ወደ ባሕር የሚገባ ቁስን ብቻ ሳይሆን ኃይልንም (ኢነርጂን) ይጨምራል። ድምፅ ኃይል ነው፤ ስለዚህ የመዶሻው ጩኸት በሕግ ፊት ከፈሰሰ ዘይት ጋር አንድ መደብ ውስጥ ይገባል። አንቀጽ 56 እና 60 እስከ 200 የባሕር ማይል ባለው ልዩ የኢኮኖሚ ቀጠና ተርባይን የማስተከልና የመቆጣጠር መብትን ለባሕር ዳርቻው አገር ይሰጣሉ። አንቀጽ 206 ደግሞ ከባድ ጉዳት ሊያስከትል የሚችል ሥራ አስቀድሞ እንዲገመገም ያዛል።

የመጀመሪያው ሥራ ቦታው በማን ሥልጣን ሥር እንደሆነ መለየት ነው። እስከ 12 የባሕር ማይል ድረስ ፈቃድ የሚሰጠው የክፍለ ግዛቱ መንግሥት ነው፤ ከዚያ ወዲያ የፌዴራሉ የባሕርና የውሃ ቅየሳ መሥሪያ ቤት ነው። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ኬብሉ ነው። ተርባይኑ ሩቅ ቢቆምም ኬብሉ ወደ የብስ ሲመጣ ሁለቱንም ቀጠና ስለሚያቋርጥ የሁለቱንም ፈቃድ ይፈልጋል።

ቀጥሎ የእንስሳቱ ቆጠራ ይመጣል፤ ከአውሮፕላን በሚነሣ ፎቶግራፍና ውሃ ውስጥ ተቀምጦ የፖርፖይዟን ድምፅ በሚቀዳ መሣሪያ ለሁለት ተከታታይ ዓመታት ይካሄዳል። ፖርፖይዞች በየወቅቱና በየዓመቱ ቦታ ስለሚቀያይሩ የአንድ ዓመት ቆጠራ ብቻውን አያስተማምንም።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ከምሰሶው 750 ሜትር ርቀት ላይ የአንድ ምት የድምፅ መጠን ከ160 ዴሲቤል፣ በምቱ ቅጽበት የሚደርስበት ከፍተኛ ጫፍ ደግሞ ከ190 ዴሲቤል መብለጥ የለበትም። የ160ው ገደብ ተጠበቀ የሚባለው ከመቶ ምቶች 95ቱ ከዚያ በታች ሲውሉ ነው። በ2009 የታተመ ጥናት ዴንማርክ ውስጥ በሰው እጅ የምትኖር አንዲት ፖርፖይዝ 164 ዴሲቤል ላይ መስማቷ ለጊዜው እንደቀነሰ አሳይቷል፤ ገደቡ ከዚያ ዝቅ ያለ ነው። ሪፖርት ሲያነቡ ከሁሉ በፊት ርቀቱን ይመልከቱ። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ድምፁ በግምት 4.5 ዴሲቤል ስለሚቀንስ፣ በ1,500 ሜትር 158 ተብሎ የቀረበ ውጤት በ750 ሜትር ከ162 ያልፋል። ርቀት ያልተጻፈበትን ቁጥር አይቀበሉ።

ትልቅ ምሰሶ ያለ መከላከያ ሲመታ ገደቡን ከ15 ዴሲቤል በላይ ሊያልፍ ይችላል። 10 ዴሲቤል መቀነስ ማለት ኃይሉን ወደ አንድ አሥረኛ ማውረድ ነው። ዋናው መሣሪያ የአየር አረፋ መጋረጃ ነው፦ ቀዳዳ ያለው የጎማ ቱቦ ምሰሶውን ከብቦ ወለሉ ላይ ይዘረጋል፣ ከመርከብ አየር ይገባበታል፣ የሚወጣው አረፋ ድምፁን ይሰብራል። ክቡን ጠባብ አያድርጉት። ምሰሶው መሬቱንም ስለሚያንቀጠቅጥ ንዝረቱ ከወለሉ ሥር ሄዶ ራቅ ብሎ ወደ ውሃው ይመለሳል፤ ምሰሶው ሥር የተቀመጠ መከላከያ ይህን አይይዘውም።

የአየሩ ስሌት እንዲህ ነው። ለእያንዳንዱ ሜትር ጎማ በደቂቃ ቢያንስ 0.5 ሜትር ኩብ አየር ያስፈልጋል። የክቡ ሬዲየስ 100 ሜትር ከሆነ ጎማው 628 ሜትር ይሆናል፤ ይህም በደቂቃ 314 ሜትር ኩብ ነው። አንዱ ኮምፕረሰር 40 የሚሰጥ ከሆነ 8 ያስፈልጋሉ፤ አንዱ ቢቆም የሚተካ ትርፍም ይኑር። ኮምፕረሰሮቹ ዘይት አልባ መሆን አለባቸው፤ አለበለዚያ አየሩ ዘይት ይዞ ባሕር ይገባል። ቀዳዳዎቹ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ሆነው ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ይራራቃሉ። ጎማው እንዳይንሳፈፍ በሰንሰለት ይከብዳል።

የሚበላሸው እዚህ ነው። በ30 ሜትር ጥልቀት ውሃው ተጨማሪ 3 ባር ይጫናል፤ ግፊቱ ካነሰ ከአየር መግቢያው የራቁት ቀዳዳዎች ባዶ ይቀራሉ። ለዚህ አየሩን ከሁለቱም ጫፍ ያስገቡ። አየሩ ሲቆም አሸዋ ቀዳዳውን ይደፍናል፤ ከመዶሻው በፊት ጎማውን በአየር ያጽዱ። የውሃው ፍሰት አረፋውን ስለሚወስደው ክቡን ፍሰቱ በሚሄድበት አቅጣጫ አስረዝመው ይዘርጉት። ከላይ ሲታይ አረፋው የውሃውን ፊት ነጭ ቀለበት ያደርገዋል፤ ቀለበቱ ላይ ጠቆር ያለ ክፍተት ካዩ ድምፁ በዚያ እያመለጠ ስለሆነ መዶሻው አይጀምር። አንድ ቀለበት ካልበቃ ሁለተኛ ይጨመራል።

ከመምታቱ በፊት እንስሳቱ በማባረሪያ ድምፅ እንዲርቁ ይደረጋል፤ መዶሻውም በትንሽ ኃይል ይጀምራል። ማባረሩን ጨምሮ አንድ ሞኖፓይል ከ180 ደቂቃ በላይ መውሰድ የለበትም። በ2013 የወጣው የፌዴራሉ የአካባቢ ሚኒስቴር መመሪያ ደግሞ በአንድ ጊዜ ከጀርመን የሰሜን ባሕር ቀጠና ከ10 በመቶ በላይ እንዳይረበሽ ይገድባል። ስለዚህ ጎረቤት ፕሮጀክት በዚያው ሳምንት የሚመታ ከሆነ ቀኑን አስቀድመው ይስማሙ። በዚልት ደሴት አቅራቢያ ባለው የፖርፖይዞች ዋና መሰብሰቢያ ከግንቦት እስከ ነሐሴ ባሉት የፈረንጅ ወራት ገደቡ ወደ 1 በመቶ ይወርዳል፤ ግልገል የሚወለድበት ጊዜ ነውና።

ሃይድሮፎኖቹን (ውሃ ውስጥ ድምፅ የሚለኩ ማይክሮፎኖችን) በ750 እና በ1,500 ሜትር ያስቀምጡ። ከእያንዳንዱ ምት ጋር ሰዓቱን፣ የመዶሻውን ኃይልና የአየሩን መጠን በአንድ ፋይል ይመዝግቡ። ከ160 ያለፈ ምት ሲበዛ መንስኤውን የሚያሳየው ይህ ፋይል ነው፦ አየሩ የቀነሰበት ደቂቃ ከሆነ ጎማው ይጠገናል፤ አየሩ ሙሉ ሆኖ ካለፈ ግን የመዶሻው ኃይል ይቀነሳል ወይም ሌላ ቀለበት ይዘረጋል፤ ይህም ቀጣዩ ምሰሶ ከመጀመሩ በፊት ይፈጸማል።