የወረቀት ፋኖሱ ለምን አስቸገረ? ጣና ዳር ለምትደግሱ

ባሕር ዳር ላይ ሰርግም ሆነ ልደት ሐይቁ ዳር ሲደረግ ያምራል። ጠረጴዛ ላይ ለሚቀመጥ የወረቀት ፋኖስ ግን እርጥበቱና ነፋሱ ፈተና ናቸው። አብዛኛው ችግር የሚመጣው ከእነዚህ ከሁለቱ ነው።

ፋኖሱ ጎበጠ፣ ተልፈሰፈሰ

ወረቀት ከአየር እርጥበት ይመጥጣል፤ በክረምት ይብሳል። የፎቶ ኮፒ ወረቀት አይችለውም፤ ወፍራም የስዕል ወረቀት ግዙ። ከመቁረጣችሁ በፊት ወረቀቱን ሳታጥፉ በቁመቱም በወርዱም ጠቅለል አድርጋችሁ ሞክሩት። በአንዱ በኩል እሺ ይላል፣ በሌላው ይገግማል። እሺ ያለበትን ጥቅል እንደ ቱቦ አቁሙት፤ የፋኖሱ ቁመት በዚያ አቅጣጫ ይሁን። የወረቀቱ ክር ከታች ወደ ላይ ስለሚቆም አይጎብጥም። ሠርታችሁ ስትጨርሱ በፌስታል ቋጥራችሁ አስቀምጡ፤ እንግዳ ሊገባ ሲል አውጡ።

የታንኳና የደንገል ቅርጽ ቆርጣችሁ ከሆነ፣ መጀመሪያ የሚጠማዘዘው የደንገሉ ጸጉር ነው። ከ3 ሚሊ ሜትር አታቅጥኑት። ከጀርባው ስስ ነጭ ወረቀት ለጥፉበት፤ ጸጉሩን ይይዘዋል፣ ብርሃኑንም ያለሰልሳል።

መጋጠሚያው ተከፈተ

ኮላው በዝቷል ወይም ቀጥኗል። ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፣ እስኪደርቅ በልብስ መቆንጠጫ ያዙት።

ሻማው ይጠፋል፣ ወረቀቱ ይጠቁራል

ቀን ላይ የብሱ ከውሃው ቀድሞ ይሞቃል። ሞቃቱ አየር ወደ ላይ ሲወጣ ቀዝቃዛው ከሐይቁ ይገባል። ድግሱ አመሻሽ ላይ ሲጀመር ይህ ነፋስ ገና ላይበርድ ይችላል። ነበልባሉን ወደ ጎን ያጋድለዋል፣ ወረቀቱን ይልሰዋል። ወረቀት ደግሞ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ይያያዛል፤ የሻማ ነበልባል ከዚያ እጅግ የበለጠ ይሞቃል። ነፋሱን ለመከላከል ብላችሁ አናቱን እንዳትደፍኑት፤ ሙቀቱ እዚያው ይታፈንና ወረቀቱን ያነደዋል።

እኔ ወረቀት ውስጥ ሻማ አይግባ ባይ ነኝ። ልጆች በሚሯሯጡበት፣ የነጠላ ጫፍ ጠረጴዛውን በሚነካበት ድግስ በእሳት መወራረድ ተገቢ አይደለም። በባትሪ የሚሠራ የኤልኢዲ ሻማ ግዙ። የግድ እውነተኛ ሻማ ካላችሁ፣ ከነበልባሉ ከፍ ባለ ብርጭቆ ውስጥ አድርጉት፤ ወረቀቱንም ከብርጭቆው አርቁት።

ፋኖሱ ይወድቃል

የኤልኢዲ ሻማ ቀላል ስለሆነ ፋኖሱን አያቆመውም። ደረቅ አሸዋ በትንሽ ፌስታል ቋጥራችሁ ከሥር አስቀምጡ። ከሐይቁ ዳር የታፈሰ እርጥብ አሸዋ ግን ወረቀቱን ከታች ያበሰብሰዋል።

አንድ ቦታ ብቻ ያበራል

ትንሿ አምፖል ብርሃኗን ወደ ላይ ስለምትወረውር ነው። ሶፍት ጨበጥ አድርጋችሁ ከላይዋ ጣል አድርጉባት፤ ብርሃኑ ይበተናል። ይህ ለባትሪ መብራት ብቻ ነው። ቀይና ሰማያዊ ወረቀት ብርሃኑን ይውጠዋል፤ ነጭ ወይም ፈዘዝ ያለ ቢጫ ይሻላል። አሁንም ከደበዘዘ ባትሪው አልቋል።

ድግሱ ሲያበቃ የኤልኢዲ ሻማዎቹን ቆጥራችሁ ሰብስቡ፤ የባትሪ ክዳናቸው መዘጋቱንም እዩ። ክቧን ባትሪ የዋጠ ልጅ ጉሮሮው በፍጥነት ይቃጠላል፤ ሳትውሉ ሳታድሩ ወዲያው ሆስፒታል ውሰዱት።